ጽጋቡ ላይ ትንሽ ልጨምር
በጽሑፋችሁ ሳይክል ነጂው ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ (ትልቁ የፈረንሳይ የሳይክል ውድድር) ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው፣ ግን አላሸነፈም ብላችሁ በአንድ መስመር አለፋችሁት። የመጀመሪያው መሆኑ ትክክል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ማሊያ። ግን «አላሸነፈም» የምትለዋ ነገር አናደደችኝ። ወንድሜ፣ የእሱ ሥራ እኮ ማሸነፍ አልነበረም! የቡድኑን መሪ ከነፋስ መከለል፣ ከኋላ ካለው መኪና ውሃ አምጥቶ ማደል፣ ከዚያ ዳገቱ ላይ ያለውን ጉልበት ጨርሶ ወደ ኋላ መቅረት ነው። ይህን 21 ቀን ስሩት እስቲ።

እኛ ባሕር ዳር ልጆች ሜዳ ላይ ስላደግን ሁላችንም ሳይክል ነጂ ነን (እንላለን)፤ ቤዛዊት ዳገት ስንደርስ ግን ወርደን እየገፋን ነው የምንወጣው። ከጣና በኩል ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ከጓደኛህ ጎማ ኋላ ተጠግተህ ስትነዳ ምን ያህል እንደሚቀልህ የሞከረ ያውቀዋል። ፊት ያለው ልጅ ነው የሚሞተው። ጽጋቡ ያ ልጅ ነበር።

ደግሞ ከላምፕሬ ወደ ባሕሬን ሜሪዳ፣ ከዚያ ትሬክ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ሚቸልተን ስኮት ቡድን ገብቷል። የማይረባ ቢሆን ማን ይቀጥረው ነበር?