ክቡር ደጋፊ በብርዱ ወራት

ቤዝቦልን ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር መጫወት ማንም ይችላል። ኳስ አለ፣ ሜዳ አለ፣ ዳኛ አለ፣ ውጤት የሚለጠፍበት ሰሌዳ አለ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ መጫወት ምን ይደንቃል? ጀግንነት ማለት የቦስተኑ ስታዲየም ፌንዌይ ፓርክ በረዶ ለብሶ፣ ኳስ የሚባል ነገር በዓይን ሳይታይ፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለ ዕረፍት መጫወት ነው። ይህን የሚችሉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ክቡር ደጋፊ።

ክቡር ደጋፊ በብርዱ ወራት፣ ክለቦች ተጫዋች በሚገበያዩበት ጊዜ፣ ተሸንፈው አያውቁም። ሶፋ ላይ ብርድ ልብስ ደርበው፣ ስልካቸውን ይዘው፣ ተጫዋች ይሸጣሉ፣ ተጫዋች ይገዛሉ። ፒቸር የሚባለውን ኳስ ወርዋሪ ለሰባት ዓመት ያስፈርማሉ። ቡናቸው ሳይቀዘቅዝ ዋንጫ ያነሳሉ። ላም አለኝ በሰማይ ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ። ይበሉ። ክቡርነታቸው ወተቷን ጠጥተው አሁን ቅቤ እያወጡ ነው።

ሥራቸውን በደንብ ለማድነቅ አንድ ዘመን መምረጥ ያስፈልጋል። እኔ የቦስተኑን የቤዝቦል ክለብ የሬድ ሶክስን የ2015 ብርድ መርጫለሁ። አንድ ትልቅ ፒቸር የመጣበት፣ አንድ ትልቅ ሰው መሄዱን የተናገረበት ብርድ ነው። ክቡርነታቸው ከዚያ በላይ የደመቁበት ወቅት ያለ አይመስለኝም።

በመጀመሪያ የቀደመውን ዓመት ገድል እንይ። ሬድ ሶክስ በ2014 ከምድቡ መጨረሻ ወጣ። ክቡር ደጋፊ አልደነገጡም። ኖቬምበር ላይ ሃንሊ ራሚሬዝ በ88 ሚሊዮን ዶላር፣ ፓብሎ ሳንዶቫል በ95 ሚሊዮን ዶላር መጡ። ሁለቱ በአንድ ቀን ማልያ ይዘው ፎቶ ሲነሱ ክቡርነታቸው የ2015ን ሻምፒዮና እዚያው አጸደቁት። ከዚያ ጨዋታው ተጀመረና ቡድኑ እንደገና መጨረሻ ወጣ። ይህ ግን ሜዳ ላይ የሆነ ነገር ስለሆነ ከቁም ነገር አይገባም።

ደግሞ የጆን ሌስተር ነገር አለ። ሌስተር ክለቡ ያሳደገው ፒቸር ነው። በ2014 መጀመሪያ ላይ ክለቡ 4 ዓመት በ70 ሚሊዮን ዶላር አቀረበለት፤ ሳይስማሙ ቀሩ። በዓመቱ መሃል ወደ ኦክላንድ ተላከ። ዲሴምበር ላይ ቺካጎ ካብስ በ155 ሚሊዮን ለ6 ዓመት ወሰደው። 30 ዓመት ለሞላው ተጫዋች ረጅም ውል መስጠት ብልህነት አይደለም የሚል ሐሳብ ያኔ በክለቡ አለቆች ዘንድ ነበር። ክቡር ደጋፊም ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «እውነት ነው፤ ክንድ ያረጃል።»

ዓመት እንደሞላ ያው ክለብ 30 ዓመት ለሞላው ዴቪድ ፕራይስ 7 ዓመት በ217 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ያኔ ለፒቸር ከተከፈለ ገንዘብ ሁሉ ትልቁ ነበር። ክቡር ደጋፊ አሁንም ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ይገባዋል።» ያረጃል የተባለው የሌስተር ክንድ ነው እንጂ የፕራይስ መች ሆነ። ሌስተር በ2016 ካብስ 108 ዓመት የጠበቀውን ዋንጫ ሲያነሳ እዚያው መገኘቱን ግን በብርዱ ወራት ማንሳት ነውር ነው።

የክቡርነታቸውን ቸርነት እዩልኝ። ጓደኛቸው 20 ዶላር ቢበደራቸው ሦስት ወር ሙሉ በየሰላምታው መሃል ያስታውሱታል። 217 ሚሊዮን ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸው አይንቀጠቀጥም። «ትንሽ ቢጨምሩለትስ?» ይላሉ። ኪሱ የሰው፣ ክንዱ የሰው፣ ደስታው የራሳቸው። ዕዳው ገብስ ነው።

ፕራይስን ይወዱት ነበር ወይ የሚል ካለ ታሪኩ አጭር ነው። በ2013 የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ፕራይስ ለታምፓ ቤይ ሲወረውር የሬድ ሶክሱ ዴቪድ ኦርቲዝ ሁለት ሆም ራን፣ ማለትም ኳሱን ከአጥር ውጭ የሚጥል ምት፣ መታበት። ኦርቲዝ ኳሱን ቆሞ እያየ ስለሸኘው ፕራይስ ተናደደ። በ2014 በመጀመሪያው ግጥሚያቸው በኳስ መታው። ኦርቲዝ ጦርነት ነው አለ። የቦስተን ደጋፊም ፕራይስን ስሙን ሲጠሩ ከፊት አንድ ከኋላ አንድ ስድብ ይጨምሩበት ነበር። ፊርማው በተሰማ ማግስት ስድቦቹ ወዴት እንደሄዱ አይታወቅም። «እኔ እኮ ከድሮም ጀምሮ ወኔውን እወድለት ነበር።»

አንድ ትንሽ ጉዳይ ብቻ ቀረች። ፕራይስ እስከዚያ ድረስ በጥሎ ማለፍ ጨዋታውን ጀምሮ ሲወረውር አንድም ጊዜ አላሸነፈም ነበር፤ ሰባት ጊዜ ተሸንፎ ነበር። እሱ ራሱ ሲተዋወቅ ድሎቹን ለሬድ ሶክስ አስቀምጬ ነው ብሎ ቀለደ። ክቡር ደጋፊ ግን ቀልድ አይወዱም። በቁም ነገር መዝግበው ያዙት።

ስለ ክንድ ካነሳን፣ ክቡርነታቸው ክርን የሚባል የሰውነት ክፍል መኖሩን አይቀበሉም። ፒቸር በየአምስት ቀኑ ኳስ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ይወረውራል። የሰው ክርን ለዚህ አልተሠራም። ጅማቱ ይበጠሳል፤ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከራሱ ክንድ ሌላ ጅማት ወስደው ይተክሉለታል። ከዚያ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀመጣል። ይህ ቀዶ ጥገና በ1974 ለመጀመሪያ ጊዜ በተደረገለት ፒቸር ስም ቶሚ ጆን ይባላል። ስቲቨን ስትራስበርግ በ2019 ዋሽንግተንን ዋንጫ አስበልቶ 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያ ወርዋሪነት የገባው 8 ጨዋታ ብቻ ነው። ጄኮብ ዲግሮም ወደ ቴክሳስ በ185 ሚሊዮን ሄዶ በ2023 ስድስት ጨዋታ ጀመረና ክርኑ ሄደ። ቴክሳስ በዚያው ዓመት ያለ እሱ ዋንጫ በላ። አንዳንዴ ደግሞ ይሠምራል። ዮሺኖቡ ያማሞቶ በአሜሪካው ትልቁ ሊግ አንዲት ኳስ ሳይወረውር 325 ሚሊዮን ዶላር ከሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ፈረመ፤ በ2025 የዎርልድ ሲሪስ፣ ማለትም የፍጻሜው ውድድር፣ ኮከብ ሆኖ ተመረጠ። ክቡር ደጋፊ የሚያስታውሱት ያማሞቶን ነው። ስትራስበርግ ማነው?

አሁን ወደሚሄደው ሰው እንምጣ። ኖቬምበር 18 ቀን 2015 ዴቪድ ኦርቲዝ 40 ዓመት ሞላው። በዚያው ቀን ቀጣዩ ዓመት የመጨረሻዬ ነው አለ። ዶሚኒካዊው ኦርቲዝ፣ በቅጽል ስሙ ቢግ ፓፒ፣ ለቦስተን ትንሽ ሰው አይደለም። ከተማዋ ከ1918 ጀምሮ ያላየችውን የቤዝቦል ዋንጫ በ2004 ካመጡት ዋነኛው ነው። በ2007 ደገመው። በ2013፣ የቦስተን ማራቶን ፍንዳታ በደረሰ በአምስተኛው ቀን፣ ፌንዌይ ላይ ማይክ ይዞ ከተማዋን ያጽናናው እሱ ነው። የዚያን ዓመት የማራቶን አሸናፊ ሌሊሳ ዴሲሳ ሜዳሊያውን ለቦስተን ሕዝብ መልሶ እንደሰጠም እግረ መንገዴን ላስታውስ።

ክቡር ደጋፊ የጡረታውን ዜና በታላቅ አክብሮት ተቀበሉት። አልቅሰው፣ አጨብጭበው፣ ትኬት ገዝተው፣ ከዚያ «አይሆንም» አሉ። ሰውየው እግሬን ያመኛል ይላል። ተረከዙና ቋንጃው አልቀው ከየጨዋታው በፊት ለረጅም ሰዓት ይታከማል። እሳቸው ደግሞ ሰሌዳውን ያያሉ። በ2016 ኦርቲዝ 38 ሆም ራን መታ፣ 127 ነጥብ አስገባ። «ታዲያ ምን ሆነ? አንድ ዓመት ብቻ ይጨምር።» በዓለም ላይ ሰው ጡረታ ሲወጣ እንኳን ደስ ያለህ ይባላል። ለሚወዱት ሰው ግን ተረከዙን መለመን የክቡርነታቸው ፈጠራ ነው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚለው ተረት ለእሳቸው አይመጥንም፤ እሳቸው እንጨቱን የሚሰዱት እያለቀሱ ነው።

የስንብት ዓመት ሲባል ደግሞ ስጦታ አለ። ተሰናባቹ በየከተማው ሲዞር ተቃራኒ ቡድን ሁሉ አንድ ነገር ያሸክመዋል። ሚኔሶታ በ2013 ለኒውዮርኩ ፒቸር ማሪያኖ ሪቬራ እሱ ከሰባበራቸው የእንጨት ዱላዎች የተሠራ ተወዛዋዥ ወንበር ሰጠው። በዓመቱ ሌላው የኒውዮርክ ተጫዋች ዴሬክ ጂተር ሲሰናበት ታምፓ ቤይ መቅዘፊያ ጀልባ፣ ሂውስተን የካውቦይ ቡትስ ሰጡት። ለኦርቲዝ የባልቲሞር ስጦታ የደረሰው በ2016 ሴፕቴምበር ነበር። በ2013 ተናዶ በዱላ የደቆሰውን የተጠባባቂ ወንበር ስልክ ነው የሰጡት። እኔ ከስጦታዎቹ ሁሉ ይሄኛውን ወድጄዋለሁ። ሌሎቹ ግን በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ያገኘ ሰው ጀልባ መግዛት ያቅተዋል ብለው ያዘኑ ይመስላሉ። ቦስተንም አላነሰችም፤ ፌንዌይ አጠገብ ያለውን ድልድይ በስሙ ጠራችው።

ታዲያ ያ የተጠበቀው 2016 ደረሰ። ኤፕሪል ላይ የሳንዶቫል ቀበቶ ቶሮንቶ ላይ ዱላ ሲያወናጭፍ ተበጠሰ። 95 ሚሊዮን ዶላር ቀበቶ አይጨምርም ለካ። ፕራይስ የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፈና ከዚያ ተደበደበ። በሜይ መጀመሪያ ላይ በየ9 ኢኒንጉ፣ ማለትም በአንድ ሙሉ ጨዋታ 9 ዙር፣ በአማካይ 6.75 ነጥብ ያስገቡበት ነበር። ዲሴምበር ላይ «ይገባዋል» ያሉት ክቡር ደጋፊ አሁን ካልኩሌተር አወጡ። በአንድ ኳስ ስንት ዶላር እንደሆነ ሲያሰሉ ዋሉ። በብርዱ ቆጥረው የማያውቁትን ገንዘብ በሙቀቱ በሳንቲም ቆጠሩት።

ሒሳቡን እኛም እንሞክረው። ኤፕሪል 18 ቀን 2016 የቦስተን ማራቶን ነበር። በወንዶች ሌሚ ብርሃኑ፣ በሴቶች አፀደ ባይሳ አሸነፉ። ሩጫው ከፌንዌይ ጥቂት ርምጃ በምትርቀው ኬንሞር አደባባይ ያልፋል። በማራቶኑ ቀን ሬድ ሶክስ በተለምዶ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ይጫወታል፤ ስለዚህ ሌሚና አፀደ ሲያልፉ ክቡር ደጋፊ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ለአሸናፊ የተሰጠው 150,000 ዶላር ነው። ፕራይስ በዚያ ዓመት 30 ሚሊዮን ተከፍሎት 230 ኢኒንግ ወረወረ፤ አንዱ ኢኒንግ ወደ 130,000 ዶላር መሆኑ ነው። 42 ኪሎ ሜትር ማለት አንድ ኢኒንግና ትንሽ ምራቂ ነው። አፀደ ደግሞ ያገኘችውን ዋንጫ በ1966 ቦስተንን ለሮጠችው የመጀመሪያዋ ሴት ለቦቢ ጊብ ሰጠች። ክቡር ደጋፊ ይህን ቢያዩ ዋንጫው ስንት ዓመት ውል እንዳለው ይጠይቁ ነበር።

በዚያ ዓመት የሊጉ ምርጥ ፒቸር ማን ሆነ? ሪክ ፖርሴሎ። የሬድ ሶክስ ነው። በ2015 9 አሸንፎ 15 ተሸንፎ ስለነበር ብርዱን ሙሉ ክቡርነታቸው በሐሳባቸው ለየከተማው ሲሸጡት ከረሙ። ገዢ ጠፋ። በ2016 22 አሸንፎ በ4 ብቻ ተሸነፈ፣ የሳይ ያንግ ሽልማትንም ወሰደ። ክቡርነታቸው ይህን እንደ ግል ስድብ አልቆጠሩትም። «እኔ ነኝ ይቆይ ያልኩት» አሉ።

ኦክቶበር ላይ ክሊቭላንድ ሦስት ለዜሮ አሰናበታቸው። ፕራይስ ሁለተኛውን ጨዋታ ተሸነፈ፤ ለሬድ ሶክስ ያስቀመጣቸው ድሎች ገና ሣጥን ውስጥ ነበሩ። ኦርቲዝ ለመጨረሻ ጊዜ ሲቆም አራት የተሳሳተ ኳስ ወረወሩለትና በነፃ አለፈ። ሆም ራን እንኳ አልቀናውም። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ብቻውን ወደ ሜዳው መሃል ወጥቶ ኮፍያውን አንስቶ አለቀሰ። ክቡር ደጋፊም አለቀሱ። ሙሉ ሁለት ወር ያህል።

ዲሴምበር 6 ቀን ክሪስ ሴል ከቺካጎ ዋይት ሶክስ መጣ፤ ክለቡ ዮአን ሞንካዳን ጨምሮ አራት ወጣቶችን ሰጠ። እንባው ደረቀ። «ርካሽ ነው» አሉ።

በ2018 ሬድ ሶክስ በእውነት ዋንጫ በላ። ሜዳ ላይ፣ በኳስ። ዋንጫው የተረጋገጠበትን የሎስ አንጀለሱን ጨዋታ ያሸነፈው ዴቪድ ፕራይስ ነው። በዚያች ሌሊት ቦስተን ውስጥ ፕራይስን አንድ ቀን እንኳ የተሳደበ ሰው ቢፈለግ አይገኝም ነበር። ሳምንታት አልፈው ብርዱ ገባ። ክርኑ ሁለት ጊዜ ቶሚ ጆን የተደረገለት ኔትን ኢቮልዲ 4 ዓመት በ68 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ክቡር ደጋፊ ብርድ ልብሳቸውን አስተካክለው ስልካቸውን አዩ።

«ስድስት ዓመት አይሰጡትም እንዴ?»