የሐኪሞች ቦርድ የሚሰጠው መቶኛ ካሳን ሊወስን ይገባል?

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በሥራ ላይ የደረሰን ቋሚ የአካል ጉዳት መጠን በሰንጠረዥ እየተመራ የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው። በዚህ አሠራር ላይ አንድ የሠራተኞች ጠበቃና በቦርድ ያገለገሉ አንድ የአጥንት ሐኪም ተከራክረዋል።

ጠበቃው፦ ከመዝገቡ ጋር የሚያያዘው የቦርድ ማስረጃ ብዙውን ጊዜ ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ነው፤ የጉዳቱ ዓይነት፣ «ቋሚ ከፊል የአካል ጉዳት» የሚል ሐረግና አንድ አኃዝ ሰፍሮበታል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ስሌት ብቻ ነው። ካሳውን አሠሪው ራሱ በሚከፍልበት ጊዜ ለቋሚ ሙሉ የአካል ጉዳት የሚታሰበው የአምስት ዓመት ደመወዝ በመሆኑ፣ በወር 6,000 ብር የሚከፈለው አናጺ ጣቶቹን በመጋዝ አጥቶ ጉዳቱ 20% ነው ቢባል የሚደርሰው 72,000 ብር፣ ማለትም የአንድ ዓመት ደመወዙ ነው። ያው ጉዳት በዚያው ደመወዝ በሚሠራ የጥበቃ ሠራተኛ ላይ ቢደርስም ካሳው አይለወጥም፤ ጥበቃው ግን ወደ ሥራው ይመለሳል፣ አናጺው ሙያውን አጥቶ ይቀራል።

ሐኪሙ፦ ጠበቃው ችግሩን በሚገባ አስረድተዋል፤ መፍትሔውን ከሐኪም መጠበቃቸው ግን አልተዋጠልኝም። እኔ መገጣጠሚያው ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ እለካለሁ፣ የመጨበጥ አቅሙን እፈትሻለሁ፣ ራጁን አነባለሁ፤ ይህንንም ሌላ ሐኪም መልሶ ሊያረጋግጠው ይችላል። አናጺው ነገ ምን ሥራ እንደሚያገኝ ለመገመት ግን ከማንም መንገደኛ የተሻለ ዕውቀት የለኝም። ግምት ወደ ቦርዱ ከገባ፣ አንደበተ ርቱዑ 40%፣ አንገቱን ደፍቶ የሚመልሰው 15% ይዞ ይወጣል። ደግሞም ውሳኔው በድንጋይ ላይ የተጻፈ አይደለም፤ ጉዳቱ ከባሰ፣ ከተሻለ ወይም ምርመራው የተሳሳተ ከነበረ እንደገና ይታያል።

ጠበቃው፦ እንደገና ይታያል ማለት በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ተጎጂው መሥራት ባልቻለበት ጊዜ የሚሰጠው ጊዜያዊ ክፍያ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በቀጣዮቹ ሦስት 75%፣ በቀሩት ስድስት ደግሞ ግማሽ ነው፤ ዓመቱ ሲሞላ ይቋረጣል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው የተሰጠውን አኃዝ ተቀብሎ ይሄዳል እንጂ ለሁለተኛ ምርመራ አይመላለስም። ሐኪሙ ቢያንስ እጁ ምን መጨበጥና ምን ማንሳት እንደማይችል ለምን አይጽፉልንም?

ሐኪሙ፦ ይህን መጻፍ እንችላለን፤ መጻፍም አለብን። ነገር ግን ዳኛው ምን ያደርግበታል? ካሳው ከመቶኛው ጋር ተመጣጣኝ እንዲሆን ያዘዘው ሕጉ ነው።

ጠበቃው፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን የጉዳቱ ልክ በትክክል ሊታወቅ ካልቻለ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው መጠን፣ እንዲገምት ተፈቅዶለታል። ለመኪና አደጋ ተጎጂ የተሰጠው ዕድል ለፋብሪካ ሠራተኛ የሚነፈግበት በቂ ምክንያት አይታየኝም።

ሐኪሙ፦ እንግዲያው አቤቱታዎ የሚመለከተው ሕግ አውጪውን እንጂ ቦርዱን አይደለም።