ጠላትና ጠላት አብረው ሲፎክሩ

ከስቶክሆልም በስተደቡብ ቱምባ የምትባል የባቡር ጣቢያ አለች። ስዊድኖች ቱምባን የሚያውቋት በገንዘብ ኖት ወረቀት ነው፤ ማዕከላዊ ባንካቸው ወረቀቱን የሚሠራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1755 እዚያ አቋቁሞ ነበር። እኛ ስደተኞቹ ደግሞ በዙሪያዋ ባሉት ሰፈሮች እናውቃታለን፤ ከየአገሩ የመጣ ሰው ተሰባስቦ የሚኖረው እዚያ ነው። አሞን አማርት የተባለው ባንድም እ.ኤ.አ. በ1992 የተመሠረተው እዚሁ ነው። ባንዱ ግጥሙን ቫይኪንጎች ከሚባሉት የጥንት የሰሜን አውሮፓ መርከበኛ ዘማቾች ተረትና ታሪክ እየቀዳ ሜሎዲክ ዴዝ ሜታል ይጫወታል። ዛሬ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ አዳራሾችን ይሞላል። ስለዚህ ሙዚቃ ማውራት የፈለግኩት ስለ እኛው ፉከራ ብዙ ስላሳሰበኝ ነው።

ሙዚቃውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ዴዝ ሜታል ጊታሩ እስኪጎረንን ድረስ ወፍራም ሆኖ የሚቃኝበት፣ ድራሙ በሁለት እግር የሚደለቅበት፣ ዘፋኙ ከሆድ ዕቃው የሚያጓራበት ሙዚቃ ነው። የስቶክሆልም ልጆች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲይዙት ሻካራና ጨካኝ ነበር። የጎተንበርግ ከተማዎቹ ባንዶች አት ዘ ጌትስ፣ ዳርክ ትራንኩዊሊቲና ኢን ፍሌምስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ዜማ አስገቡበት፤ ሁለት ጊታሮች አንዱን ዜማ ጎን ለጎን ይዘው እንዲሄዱ አደረጉ። ቫይኪንጎቹን ደግሞ ከነሱ ቀድሞ ወደ ሜታል ያስገባው ባቶሪ የሚባለው የስቶክሆልም ባንድ ነው። አሞን አማርት ሁለቱን አጋባቸው። ዮሃን ሄግ የሚባለው ጢማሙ ዘፋኝ ሲያጓራ ዜማ የለውም፣ ዜማው ያለው ጊታሩ ላይ ነው። ሰውየው ይቆጣል፣ ጊታሩ ያለቅሳል። የሰውን ልብ የሚይዘው ይኼ ይመስለኛል።

እኛ ሐበሾች ይህን ድምፅ ስንሰማ ቶሎ የምንለው «የሰይጣን ነው» ነው። አንድ ወዳጄ ስዊድን የተወለደው ልጁ ክፍሉን ዘግቶ ሲያዳምጥ በሰማው ቁጥር ማማተብ ይጀምራል። ፍርሃቱ ከመሬት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ኖርዌይ ውስጥ በርገን አጠገብ ጥንታዊው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል፣ እጃቸው አለበት የተባሉት ብላክ ሜታል የተባለውን ሌላውን የሜታል ዓይነት የሚጫወቱ ወጣቶች ነበሩ። ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም ተከትለው ተቃጥለዋል። የቱምባዎቹ ግን መንገዳቸው ሌላ ነው። የሚተርኩት የነጎድጓድ አምላክ የሚባለው ቶር ዓለምን የከበበውን እባብ እንዴት እንደገጠመው፣ መርከበኛው ማዕበሉን እንዴት እንዳለፈ፣ የወደቀው ጀግና በምን ስም እንደታወሰ ነው። ይህንን ለወዳጄ ላስረዳው ብሞክርም ገና አልተቀበለኝም። ልጁ ግን «ጋሼ፣ አንድ ቀን አብረን እንሂድና እየው» አለኝ፤ ሄድኩ።

በዚህ አገር ፎቅ የሚጋራ ጎረቤት ደረጃ ላይ ላለመገናኘት በሩ ሥር ቆሞ ኮቴ ያዳምጣል። ባቡር ውስጥ ሰው ጎን መቀመጥ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። አዳራሹ ውስጥ ያየሁት ሌላ ሕዝብ ነው። መድረኩ ላይ የቫይኪንግ መርከብና ግዙፍ የራስ ቁር ቆሟል። ስለ ቀዘፋ የሚያወሳው ዘፈን ሲጀምር መሐል ላይ የነበሩት ሰዎች መሬት ላይ ተቀመጡ። አንዱ በሌላው እግር መሐል እየገባ ረጅም ረድፍ ሠሩ፤ ከዚያ ድራሙን ተከትለው ሁሉም አንድ ላይ ወደ ፊት አጎንብሰው፣ አንድ ላይ ወደ ኋላ እየተለጠጡ መቅዘፍ ያዙ። ከፊቴ የነበሩት ሽበት የወረራቸው አንድ ሰውዬ ጀርባቸውን ለማያውቁት ጎረምሳ ደገፍ አድርገው ይቀዝፋሉ። እየተጋፋ ከሚዘለው መሐል ሰው ሲወድቅ በዙሪያው ያሉት ወዲያው ክብ ሠርተው ብብቱን ይዘው ያነሱታል። ይህ የማይጣስ ደንባቸው ነው። ያገሬ ሠርግ ላይ «ሆ» ሲባል የማየውን ዓይነት ሙቀት ስዊድን ውስጥ ያገኘሁት እዚያ ነው።

እዚያ ቆሜ ስሰማ የመጣብኝ ሽለላና ቀረርቶ ነው። ድምፁ በፍጹም አይገናኝም፤ የእኛ አቅራሪ ድምፁን ወደ ላይ ሰቅሎ እስኪቀጥን ይስበዋል፣ የነሱ ወደ ታች ቆፍሮ ያወርደዋል። ነገሩ ግን አንድ ነው። የአባት ስም፣ የመሣሪያ ፍቅር፣ ሞትን መናቅ በሁለቱም ውስጥ አለ። አይስላንድ ውስጥ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ብራና ላይ የሰፈረ ሃቫማል የተባለ ጥንታዊ ግጥም አላቸው። ከብት ይሞታል፣ ዘመድ ይሞታል፣ አንተም ትሞታለህ፣ የማይሞተው መልካም ስም ነው ይላል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እያለ ላደገ ሰው ይህ ምን ይነግረዋል? የራሱን አያት ንግግር ነው የሚሰማው። የቶር መጨረሻም እንደዚሁ ነው። እባቡን ይገድለዋል፣ ዘጠኝ እርምጃ ይራመድና በመርዙ ይወድቃል። አማልክታቸው እንደሚሸነፉ አስቀድመው እያወቁ ወደ መጨረሻው ጦርነት ይወጣሉ። መቅደላ ላይ እጅ አልሰጥም ያለውን ቴዎድሮስን ስናስብ የሚሰማንን እነሱ በዚህ ያገኙታል።

የሚለየን ጊዜው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት አልበም «ታላቁ የአረማውያን ጦር» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ865 እንግሊዝ ላይ በዘመተው የቫይኪንግ ጦር ስም መሆኑ ነው። ያ ጦር ነገሥታትን ገድሎ ገዳማትን ዘርፎ አገሩን አመሰቃቅሏል። አልበሙ ውስጥ ስለ ሳክሶኖች፣ ማለትም ስለ ያኔዎቹ የእንግሊዝ ሰዎች፣ እና ስለ ቫይኪንጎች የሚያወሳ አንድ ዘፈን አለ። የሳክሶኖቹን ወገን የሚዘፍነው ማን ነው? ሳክሰን የተባለው አንጋፋ የእንግሊዝ ባንድ ዘፋኝ ቢፍ ባይፎርድ። ሄግ ለዘማቹ ይፎክራል፣ ባይፎርድ አገሩን ለሚከላከለው ይፎክራል፤ ሁለቱም በአንድ ዜማ ላይ ናቸው። እንግሊዛዊው አድማጭም ስዊድናዊው አድማጭም እኩል ይጮኻል፣ በአያቱ ደም የሚቆጣ የለም። ይህን ዘፈን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፣ ቅናት ይይዘኛል።

የእኛ ፉከራ ደሙ አልደረቀም። የፎካሪው አያት የገደለው ሰው የልጅ ልጅ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እዚህ ስደት ላይ በምናዘጋጃቸው የበዓል ዝግጅቶች ያየሁት ነገር ነው። ድምፃዊው ማቅራራት ሲጀምር ግማሹ ወንበሩን ገፍቶ ይነሳል፣ ግማሹ ስልኩን ማየት ይጀምራል፣ ጥቂቱ ጃኬቱን አንስቶ ይወጣል። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በወረረን ጊዜ ቀረርቶው ሚሊሺያውን ከየገጠሩ አንቀሳቅሶ ታጠቅ ጦር ሰፈር አስገብቷል፤ ያኔ ጠላቱ ከውጭ ነበር። በቅርቡ ጦርነታችን ግን በሁሉም ወገን፣ በየቋንቋው፣ ወንድም በወንድም ላይ ሲፎከር ሰምተናል። ልጆቹን የቀበረ ሰው ያንን ዜማ ለጨዋታ ስማ ቢባል እንዴት ይሆንለታል? ተነሥቶ የሚወጣውን ሰው አልወቅሰውም።

ርቀቱ እነሱንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አላነጻቸውም። የስዊድን ናዚዎች ዛሬም ቲር የተባለውን ጥንታዊ የሩን ፊደል ባንዲራቸው ላይ አድርገው ይሰለፋሉ፤ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው መንገድ ላይ ያንን ምልክት ሲያይ ምን እንደሚሰማው ስዊድን የሚኖር ሁሉ ያውቃል። ቫይኪንጎች ባሪያ ፈንጋይና ነጋዴም ነበሩ። ዘፈኖቹ በአብዛኛው የሚናገሩት ስለ ቀዛፊው ነው እንጂ በመርከቡ ታስሮ ስለተጫነው አይደለም። ይህ ጉድለት ነው፣ እኔ በግሌ ይከብደኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጠቅስ አላልፍም። እነዚህ ባንዶች በተሰጥኦ ብቻ አልበቀሉም። የስዊድን ማዘጋጃ ቤቶች ልጆች መሣሪያ የሚማሩባቸው የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች አሏቸው። ጎረምሶች ባንድ ሲያቋቁሙ ደግሞ መንግሥት በሚደጉማቸው የትምህርት ማኅበራት እንደ ጥናት ቡድን ተመዝግበው መለማመጃ ክፍል ያገኛሉ። የእኛም የቀበሌ ኪነት በደርግ ዘመን የዚህን ያህል በር ከፍቶ ነበር። ፖለቲካውን ይዞ የመጣ ቢሆንም ስንት ድምፃዊና ተጫዋች ያፈራ ቤት ነው። ፈርሶ ምትክ ሳይበጅለት ቀረ።

የወዳጄ ልጅ ከአዳራሹ ስንወጣ «የእኛስ እንደዚህ ዓይነት የለም ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አስቤበት የእምባቦን ጦርነት ነገርኩት። በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ምኒልክና የጎጃሙ ተክለ ሃይማኖት ሆሮ ጉድሩ ላይ ተዋጉ። ራስ ጎበና ዳጬ ከምኒልክ ጎን ተሰልፈው ነበር። ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ከ14 ዓመት በኋላ ሁለቱም አድዋ ላይ አንድ ጦር ሆነው ዘመቱ። ከዚህ የሚሻል ታሪክ ለሁለት ድምፅ ዘፈን የት ይገኛል? አንዱን ወገን የጎጃም አቅራሪ ይያዝለት፣ ሌላውን የሸዋ ፎካሪ። ቫይኪንጎቹ የረሱትን እኛ አንርሳ፦ ጦርነቱ የተካሄደበት አገር ሰውም ጌረርሳ በሚባለው የኦሮምኛ ፉከራ የራሱን ይበል፣ ሁለት ጦር መሬቱን ሲረግጠው ምን እንደሆነ እሱ ይናገር። ልጁ ሁለት ዓመት ጊታር ተምሯል፣ ከጓደኞቹ ጋር መለማመጃ ክፍልም አላቸው። የቀረርቶ ቅጂዎች ልኬለታለሁ፤ አሁን በአንቺ ሆዬ ቅኝት የሚሄድ የሁለት ጊታር ዜማ እየሞከረ ነው፣ ጌረርሳውን የሚያቀነቅን የኦሮሞ ልጅ ደግሞ እየፈለግን ነው።