የሞጣ ሴቶች ያስቆፈሩት ጉድጓድ

ስለ ገጠር ጤና ሲነሣ «ገበሬው በሽታ መከላከልን አያውቅም ነበር፤ ያስተማርነው እኛ ነን» የሚል አነጋገር ይደጋገማል። ጎጃም ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝና ይህን ስሰማ ያንገበግበኛል። ፈንጣጣ አገር ሲያጠፋ አባቶቻችን ከበሽተኛው ቁስል ጥቂት መግል ወስደው የጤነኛውን ቆዳ በጥተው ያስገቡ ነበር። አደገኛ ነበር፤ እንዲያ የተከተበ ሰው በሽታውን ለሌላው ሊያዛምት ይችል ነበር። በ1963 ዓ.ም. የተጀመረው የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ይህን ልማድ ለማስቆም የደከመው ለዚህ ነው። የአባቶቻችን ሐሳብ ግን መከላከል ነበር።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ ማስረጃ ሁለት እጁ እነሴ ነው፤ የሞጣ ከተማ ያለችበት ወረዳ። በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. የዓይን ማዝን (ትራኮማን) ለመከላከል ሽንት ቤት እንዲቆፈር ቅስቀሳ ተደርጎ ከ20 ሺህ በላይ ተቆፈረ። ማዙን ከሕፃን ወደ ሕፃን የሚያዞረው ዝንብ የሚፈለፈለው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ አይራባም። ማዙ ሲደጋገም የዓይን ቆብ ጠባሳ ይይዛል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። ልጅ የምታቅፈው እናት ናትና ከወንድ ይልቅ ሴት ትጎዳለች። የታጠፈውን ሽፋሽፍት በወረንጦ ስትነቅለው መልሶ ይበቅላል።

ብዙዎቹን ሴቶች ያነሣሣቸው ግን ከዝንቡ ይልቅ የራሳቸው ጭንቅ ነበር። ሴት ልጅ በቀን ሜዳ መውጣት ነውር ስለሆነባት ጎህ ሳይቀድ ካልወጣች እስኪመሽ ሆዷን ይዛ ትውላለች። ነፍሰ ጡሯም፣ ተቅማጥ የያዛትም እንዲሁ። ያቺን ሴት ማንም ስለ ዝንብ ባያስተምራትም ሽንት ቤት ለምን እንደሚያስፈልጋት ታውቃለች። ባሏን «ቆፍር» ብላ የወጠረችው እርሷ ናት።

ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መመደባቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ሴት ለሴት የምትናገረውን ለወንድ ባለሙያ አትናገርም። ነገር ግን የተቆፈረውን ብቻ መቁጠር ይብቃን። ጉድጓድ ይሞላል፤ ማገሩን ምስጥ ይበላዋል፤ ክረምት ያፈርሰዋል። ሲፈርስ ያቺ ሴት ወደ ጨለማው ትመለሳለች። ወረዳው እቅድ ሲያወጣ ቤት ለቤት ሄዶ እርሷን ይጠይቅ፦ በሩ ይዘጋል? ዛሬ በቀን ገብተሽበታል? ሁለተኛውን ማን ይቆፍርልሻል?