ማስተካከያ፦ ለአንገት ሕመም የሚሰጠው የእጅ ሕክምና 90 ሰከንድ እንጂ 9 አይደለም

ለጅማ አንባቢዎች ቀደም ሲል ባወጣነው ጽሑፍ «የሚያመውን ነጥብ አጥብቆ ተጭኖ 9 ሰከንድ መያዝ» ብለን ነበር። ሁለት ስሕተት አለበት፤ ጊዜው 90 ሰከንድ ነው፤ አጥብቆ መጫን የሚባል ነገርም የለም።

ዘዴው ካውንተርስትሬን ይባላል፤ የቀየሱት አሜሪካዊው የኦስቲዮፓቲ (ጡንቻንና መገጣጠሚያን በእጅ ማከምን የሚጨምር የሕክምና ዘርፍ) ሐኪም ሎውረንስ ጆንስ ናቸው። ጣት ነጥቡን የሚጫነው ሕመሙን ለመለካት ብቻ ነው። ታካሚው ጀርባው ላይ ተኝቶ ሕመሙን 10 ይበለው። ባለሙያው አንገቱን ቀስ እያለ ያጥፋ ወይም ያቃና፣ ያዘንብል፣ ያዙር፤ ቁጥሩ 3 ወይም ከዚያ በታች ሲደርስ እዚያው ይያዝ። ጣቱ ከቦታው አይነሳም፤ ጫናው ግን ይላላል። 90 ሰከንድ ሲሞላ ጭንቅላቱን ባለሙያው ራሱ በዝግታ ይመልሰው። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ታካሚው «ላግዝ» ብሎ ቀና ካለ ጡንቻው ዳግም ይኮማተራል፤ ድካሙ ሁሉ መና ይቀራል። በማግስቱ ቡና ሲለቅሙ እንደ ዋሉ ዓይነት መጠዝጠዝ ቢኖር አያስደንግጥ።

«ቋ» የሚል ድምፅ የሚጠብቅ ካለ፣ እዚህ የለም። ከባጃጅ አደጋ በኋላ፣ ወይም እጅ ሲደነዝዝና ሲዝል ግን ወጌሻም ሆነ ሌላ ሰው አንገቱን አይንካ፤ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።