ጠበቃ ምን ያደርጋል፣ ሰው እያለን!

ሰው ሲታሰርብን ጠበቃ እንደማንፈልግ ልብ ብላችኋል? እኛ የምንፈልገው «ሰው» ነው። ይህ የሠለጠነ ልማዳችን እስከ ዛሬ አንድም አመስጋኝ ማጣቱ ያሳዝነኛል።

የአጎቴ ልጅ አርብ ማታ ድንገት ተያዘ። አርብ ማታ! ሰዓት አመራረጡን እዩልኝ። ስልኩን ጣቢያ ተቀበሉት፤ በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር ደግሞ የእናቱን ብቻ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሳሎናቸው ለቅሶ ቤት መሰለ። ደግነቱ ከመጣው ሁሉ ሰው የሌለው ሰው አልነበረም። የአንዷ የእህት ባል የኮማንደር ሾፌር ነበር፤ ጡረታ ወጥቷል፣ ግን «ያውቁታል»። ሌላው ከአንድ ሳጅን ጋር ዕቁብ ይጥላል።

እኔ ቂሉ «ጠበቃስ?» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ።

«ጠበቃ ከያዝንማ አጥፍቷል ማለት ነው!» አሉኝ የዕድራችን ዳኛ።

በ1987 ሕገ መንግሥቱን ያጸደቁት ሰዎች እኚህን ዳኛ ሳያማክሩ ነው አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት አለው ብለው የጻፉት። አንቀጽ 21 ግን ከእኛ ጋር ነው። የታሰረን ሰው ማን ሊጠይቀው እንደሚችል ይዘረዝራል፦ የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪም፣ መጨረሻ ላይ የሕግ አማካሪ። እኛ ተራ አልጣስንም።

ቅዳሜ እናቱ በር ላይ ሽሮውን ቀምሳ አስገባች። ጓደኞቹ ብርድ ልብስ ወሰዱ። የዕድሩ ዳኛ ገብተው መከሩት። እሁድ የንስሐ አባቱ ሄዱ። ሾፌሩ ሁለቱንም ቀን «እያነጋገርኩ ነው» እንዳለ ዋለ።

ሰኞ ጠዋት ችሎት ቀረበ። (የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት መቅረብ ያለበት 48 ሰዓት እሁድ ማታ አልፏል። ግን ማን ይቆጥራል? ይህን የሚቆጥር ጠበቃ ነው።) ፖሊስ ለምርመራ 14 ቀን ጠየቀ፣ የሚቃወም የለም፣ ተፈቀደለት።

ያኔ ጠበቃ ፍለጋ ተወጣ። አንዱ «እኔ የውርስና የፍቺ ነኝ» አለ። የሌላው ስልክ አይነሳም፤ ችሎት ላይ ነው። ሦስተኛው ክፍያ በቅድሚያ አለና ቤተ ዘመዱ በሙሉ አዘነበት። እርግጥ ሾፌሩም ለ«ማነጋገሪያ» በቅድሚያ ነው የተቀበለው። እሱ ግን ሰው ነው።

ማክሰኞ ማታ በስንት መከራ አንድ ተገኘ። ገና ሳይቀመጥ «ቃሉን ሰጥቷል?» ብሎ ጠየቀ።

«በደንብ!» አሉ የዕድሩ ዳኛ ኮራ ብለው። «ሁሉንም ንገራቸው፣ ይለቁሃል ብዬ የመከርኩት እኔ ነኝ። ያልጠየቁትን ሳይቀር ጨምሮ ነገራቸው። ፈርሟልም።»

ጠበቃው መነጽሩን አወለቀ። ዝም የማለት መብቱን ተጠቀመ።