ሁለት ዛፍ ለሚወጡ እግሮች

ዘንድሮ ገና ረቡዕ ዋለ። ልደት ነውና የረቡዕ ጾሙ ተሻረ፤ ሐሙስ ግን አንዲት ቀን ናት፣ ከዚያ ዓርብ። ከኅዳር 15 ጀምሮ በሽሮና በምስር ሲሸነገል የከረመ ሆድ በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ቤተሰብ ማስደሰት ግድ ሆነበት። የቀረውን ታውቁታላችሁ። መገናኛ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር የተደፋው ድስት ትዝ ይላችኋል? «የትኛው?» የሚል ካለ በዓሉን ከቤቱ ሳይወጣ የዋለ ዕድለኛ ነው። እያንዳንዱ ታክሲ የራሱ ድስት ነበረው። ረዳቱ «ቀስ በል፣ ወጥ አለ!» እያለ በሩን የሚዘጋበት፣ ከፊት የተቀመጠችው ነጭ የለበሰች እናት ጀርባዋ ላይ ቀይ ማኅተም ተመትቶባት የምትወርድበት ታክሲ።

ሰዉ ተማሯል። እኔ ግን ለማመስገን ነው የመጣሁት። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ያሉ አባቶች ባልና ሚስት ሲደመሩ አራት እግር እንደሚሆኑ አላሰሉም። በዚያ ላይ በዘመናቸው ሚኒባስ አልነበረም።

በመጀመሪያ የሂሳብ ሊቃውንቱን እናመስግን። የሁለቱ ቤተሰብ መዝገብ አምስት ዓምድ አለው፤ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ። አምስት ለሁለት አይካፈልም። ጠብ የሚባለው ነገር ሁሉ የሚነሣው ከዚህች ከምትተርፈው ከአንዷ ነው። ሁለት ሁለት ተካፍለው አምስተኛዋን በየተራ እንዳይወስዷት ደግሞ የበዓል ሚዛኑ እኩል አይደለም፤ ፋሲካን የያዘ ቤት መስቀልንና ጥምቀትን አንድ ላይ ቢለቅም «አስበለጡ» መባሉ አይቀርም። ባሕረ ሐሳብ እንኳ በአራት ዓመት አንዴ፣ ዘመነ ዮሐንስ ሲሆን፣ ገናን ከ29 ወደ 28 ፈቀቅ ያደርገዋል፤ በ2016 አድርጎታል። የአማት መዝገብ ግን ንቅንቅ አይልም። «ባለፈው እንቁጣጣሽ እነሱ ጋ ቁርስ በልታችሁ እኛ ጋ ለቡና ነው የደረሳችሁት» ይላል፣ ከነሰዓቱ።

መፍትሔው ታዲያ የጠቢብ ነው። ሁለቱም ቤት፣ በአንድ ቀን፣ በሙሉ ሆድ።

የሚስት ቤተሰብ ለገጣፎ፣ የባል ቤተሰብ ሰበታ ነው እንበል። በወረቀት ሁለቱም የሸገር ከተማ ናቸው፤ የአንድ ከተማ ልጆች። ሸገር ግን አዲስ አበባን እንደ መቀነት የዞረ ከተማ ስለሆነ፣ ከአንዱ ሰፈሩ ወደ ሌላው ለመሄድ ሌላ ከተማ መሐል ለመሐል መሰንጠቅ ያስፈልጋል። ከለገጣፎ መገናኛ፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሰበታ። አራት ታክሲ፣ አራት ሰልፍ፣ «የበዓል ነው» የተባለ አራት ታሪፍ፣ ሦስት ሰው በሚይዝ ወንበር ላይ አራት «ጠጋ ጠጋ በሉ»። መጨረሻው ላይ ረዳቱ «ዓለም ገና! ዓለም ገና!» ሲል ሕፃኑ ነቅቶ «ደረስን?» ይላል። ገና ነው ልጄ። ስሙም ይናገራል።

አሁን ወደ ድስቱ እንምጣ።

ዶሮ ወጥ ተሸክሞ አራት ታክሲ መቀያየር ትልቅ ሙያ ነው፤ ሕግም አለው። የመጀመሪያው ሕግ ወጡ ማደር አለበት። ማታ ወጥቶ የበረደ ወጥ፣ በታኅሣሥ ብርድ፣ ቅቤው ላዩ ላይ ረግቶ ክዳን ይሠራል። ይህን ክዳን የፈጠረው የለገጣፎ ውርጭ ነው፤ ከሱቅ የሚገዛ አንድም ክዳን አይስተካከለውም። ትኩስ ወጥ ግን እንፋሎቱ ክዳኑን ከታች ይገፋል፣ ቅቤው ውሃ ሆኖ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ የመጀመሪያዋ ጉብታ ላይም ያገኘዋል። ሁለተኛው፣ ድስቱ ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሞላም። ሦስተኛው፣ ክዳኑ በጨርቅ ከጆሮ ወደ ጆሮ ተጠፍሮ ይታሰራል፣ ከዚያ ሁለት ፌስታል፣ ከዚያ ዘንቢል። አራተኛው፣ በሁለት እግር መሐል ወለል ላይ ይቀመጣል እንጂ ጭን ላይ አይታቀፍም፤ ፍሬን ሲያዝ ጭን ወደፊት ይሄዳልና። አምስተኛው፣ እንቁላሉ ለብቻው ይሄዳል። በቢላ ተሰነጣጥቆ መረቅ የገባበት እንቁላል ከአጥንቱ ጋር ሲላጋ ውሎ ሰበታ ሲደርስ አስኳሉ ወጥ፣ ነጩ ፍርፋሪ ሆኗል።

ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። ምስጋናችን የሚገባቸው ግን ይህን ሁሉ እያወቁ ጠዋት ከእሳት ያወረዱትን ወጥ እስከ አፍ ጢሙ ሞልተው፣ እንቁላሉን ከነነፍሱ ጨምረው፣ አንዲት ስስ ፌስታል አልብሰው፣ «ትኩሱን ይብሉት» ብለው ነጭ ከለበሰች ሴት ኋላ የሚቀመጡት ናቸው። ለነሱ ሲባል ነው ታክሲ የተሠራው።

እንግዲህ ድስቱ በእግዜር ቸርነት ሰበታ ደረሰ። እዚያ ምን ይጠብቀዋል? ሌላ ዶሮ ወጥ። ሰበታ ዶሮ አልጠፋም፤ ሽንኩርትም፣ በርበሬም። የባል እናት ከሁለት ዶሮ ሃያ አራት ብልት አውጥታ፣ ለአንዱ ዶሮ ሁለት ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ከትፋ፣ ያለ ዘይት በደረቁ ስታቁላላ አድራ፣ ድስቷን ጥዳለች። የመጣውን ድስት ትቀበላለች፣ ትስማለች፣ ትከፍታለች። በአንድ ዓይን ብቻ ታያለች። «እጇ ይባረክ!» ትላለች። ቆየት ብላ ጓዳ ስትገባ ለእኅቷ፣ «ቁሌቱን ቸኮለችበት መሰለኝ፣ መረቁ ለብቻ ቆሟል» ትላለች። እውነቷን ይሆናል፤ ሽንኩርቱ ሳይሟሽሽ በርበሬ የገባበት፣ በላዩ ቀዝቃዛ ውሃ የተቸለሰበት ወጥ መረቁና ሽንኩርቱ ይፋታሉ። በአራት ታክሲ የተናጠ ወጥም እንዲሁ ይፋታል፤ ግን ይህን ማን ይመሰክርለታል?

ከዚያ የለገጣፎው ወጥ ወደ ሰበታ ጎድጓዳ ሳህን ይገለበጣል። ድስቱ ይታጠባል። ዕቃ ደግሞ ባዶውን አይመለስም፤ ነውር ነው። ስለዚህ በምን ይሞላ? በሰበታ ዶሮ ወጥ። ያው አንድ ድስት፣ ያው የታሰረበት ጨርቅ፣ በሌላ ወጥ ተሞልቶ፣ በአራት ታክሲ ወደ ለገጣፎ። እዚያም የሚስት እናት ትቀበላለች፣ ትስማለች፣ በአንድ ዓይን ታያለች፣ «እጃቸው ይባረክ!» ትላለች። ጓዳ ገብታም «መከለሻ የሚባል ነገር ሰፈራቸው አይሸጥም እንዴ?» ትላለች። ይህም ከየአማቱ ቤት ጠላ ቀጂ በሆኑ ልጆች አማካይነት በሳምንቱ ለሌላኛው ወገን ይደርሳል።

አስቡት እንግዲህ። ለገጣፎ ዶሮ ወጥ ነበረ፣ ሰበታ ዶሮ ወጥ ነበረ። ከስምንት ታክሲ በኋላ ለገጣፎ ዶሮ ወጥ አለ፣ ሰበታም ዶሮ ወጥ አለ። የተለወጠው ነገር የአንዲት እናት ነጠላና የሁለት ሰው ወገብ ብቻ ነው። ንግድ ይሏችኋል ይህ ነው፤ ያለ ትርፍ፣ ያለ ኪሳራ፣ በንጹሕ ፍቅር። ድፎ ዳቦውማ አይወራ። ኮባው እንደ ተላጠ ትኩሱን በፌስታል ታፍኖ ስለሚሄድ ላቡ ቅርፊቱን ያርሰዋል፤ ወፍራም ጨርቅ ቢጠቀለል ኖሮ እንደ ወጣ ይደርስ ነበር። ግን ጨርቁ ድስቱ ላይ ታስሯል።

ጠላውን የያዘው ጀሪካን ለብቻው ሙገሳ ይገባዋል። ከጥንስሱ ያልሰከነ ጠላ መንገድ ላይም ሥራውን አያቆምም፤ አየሩን እየለቀቀ ጀሪካኑን ይነፋዋል። ክዳኑን አጥብቆ ለዘጋ ሰው ሜክሲኮ አደባባይ ላይ የጥምቀት ፀበል ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ይወርድለታል። አላልቶ ለዘጋ ደግሞ ጫማው ይሰክራል። አንድ አራተኛውን ባዶ ትቶ፣ በየታክሲው ቅያሪ ክዳኑን ትንሽ አንፍሶ መልሶ መዝጋት ነበር። ግን ጀሪካን ሳይሞላ መላክ ንፍገት ይመስላል።

ወደ ማዕድ ስንቀርብ ትልቁ ጥበብ ይገለጣል። ሁለተኛው ቤት ደርሶ «በልተን ነው የመጣን» የሚል ሰው ዕብድ ነው፤ በበዓል ቀን ይህ ስድብ ነው፣ «የእናንተን ንቀን የነሱን አክብረን» ማለት። ስለዚህ ይበላል። አማች የክብር እንግዳ ስለሆነ ለገጣፎ ፈረሰኛው ለእሱ ነው። ሰበታ ሲደርስ ደግሞ «የእኛ ልጅ ደክሞታል» ተብሎ ፈረሰኛው ለእሱ ነው። ዶሮ አንድ ፈረሰኛ ብቻ ነው ያላት፤ እሱ ግን በአንድ ቀን ሁለት ፈረስ ጋልቧል። በየቤቱ ሁለት እንቁላል፣ ያው አራት። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ስለሚባል በየቤቱ ከእናት ሁለት፣ ከአክስት ሁለት፣ ማንነቷ በትክክል ካልታወቀች ዘመድ ሁለት። ቅርጫውን ያረዱት ጎረቤቶች ደግሞ ጥሬውን ይዘው በር ላይ ናቸው። «አዋዜው እሳት ነው፣ ቅመሰው!»

ልምድ ያላቸው የሁለት ዛፍ ወጪዎች ዘዴ አላቸው። የመጀመሪያው ቤት እንቁላሉን ወደ ጎን፣ ዳቦውን ለቡናው ጊዜ፤ ዳቦና ጠላ ሆድ ውስጥ ሲገናኙ ነው መቀመጫ የሚያጡት። አጥንቱን ከፊት መደርደር፤ ብዙ አጥንት ያለበት ቦታ የበላ ሰው ቦታ ነው። ብርጭቆን ሙሉውን ትቶ መጨዋወት፤ ጎደል ያለ ብርጭቆ ግብዣ ነው። ይህ ሁሉ ግን አንዲት እናት አጠገብህ ተቀምጣ «አልጣፈጠህም አይደል?» እስክትል ድረስ ብቻ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ዘዴ የለም።

«በሞቴ» የሚለውንም ቃል ሳላመሰግን አላልፍም ብዬ ነበር። አልቻልኩም። መኪና ይዞ ለመጣ ሰው፣ ከኋላ ወንበር ሁለት ልጆች ለሚያስተኛ አባት፣ አረቄ ቀድቶ «በሞቴ አንዲት መለኪያ፣ መንገዱ ቅርብ ነው» የሚል ሰው ምን ዓይነት ዘመድ ነው? «አልጠጣም፣ እነዳለሁ» ያለውን «ሴት ሆንክ እንዴ?» ብሎ የሚያሳፍረው አጎት፣ ማታ ከሰበታ የሚወጣውን መንገድ አያውቀውም? ያለ መብራት የቆመውን የጭነት መኪና፣ በጨለማ አስፋልት የሚሻገረውን ሰው አያውቅም? በሞቴ ያልከው የማንን ሞት ነው? አንተ እኮ ሸኝተህ ገብተህ ትተኛለህ። ስኳር አለብኝ ላለችው እናት «ዛሬ በዓል ነው፣ ስኳሩም ያውቃል» እያላችሁ ጠጅ የምትቀዱም እዚሁ ሰልፍ ውስጥ ናችሁ።

ይቅርታ፣ በዓል ነበር ለካ።

ሐሙስ በእርጋታ ዋለ ማለት አይቻልም፤ ዓርብ ስለሚመጣ የቀረው ወጥ ሁሉ ሐሙስ ማለቅ አለበት ተብሎ ሁለቱም ቤት ስልክ ደውሏል። «ቅዳሜ አይደርስም እንዴ?» ያለ ልጅ፣ ወጥ በደንብ ፈልቶ ከበረደ በማቀዝቀዣ ሁለት ቀን እንደሚቆይ ያስረዳ ልጅ፣ ነገሩ ስለ ወጥ መስሎት ነው። ማን ጋ አለቀ የሚለው ነው ጥያቄው። ከሰበታ የተላከው ከለገጣፎው ቀድሞ ካላለቀ አልተወደደም፣ ቀድሞ ካለቀ ደግሞ ያነሰ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ታክሲው ቀለለ፤ ቀኑም የሽሮ ቀን ሆነ። ለገጣፎ ጓዳ ውስጥ ድስቱ ታጥቦ ተደፍቷል። ጥምቀት ሰኞ ነው፣ ተራው የማን እንደሆነ ገና አልተወሰነም። ድስቱን ስትደፋ ግን የሚስት እናት አንድ ነገር አስተዋለች። ሐሙስ ከሰበታ የተመለሰው በሳህን ተከድኖ ነው፤ ክዳኑ እዚያው ቀርቷል። ክዳን ለማምጣት ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም።